ግድግዳው ከታች ረጥቧል፣ ደግሜ ቀለም ልቀባ?

እዚህ እስራኤል ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሁሌ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው ሚበዛው። ዝናቡ ሲወርድ ሰው ዝም ብሎ ይቆይና ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ ሶፋው ከግድግዳው ፈቀቅ ይላል፣ ቁም ሳጥኑ ይጎተታል፣ ከኋላው የተደበቀው ጉድ ይታያል፣ ያኔ ነው ለኔ ለልስን ሠራተኛው መጻፍ የሚጀመረው። በዚህ ወር ከመጡት አራቱን መርጫለሁ፣ ሦስቱ ባሕር ዳርቻ ካሉ ቤቶች ናቸው፣ አራተኛው ደሞ ስለ ባሕር ዳር ነው፣ ስሙ ነው እንጂ ባሕሩ ሐይቅ ነው ግን ጥያቄው አንድ ስለሆነ አብሬ አስገባሁት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነታንያ ነው ምኖረው፣ ምድር ላይ ያለ ቤት ነው፣ ሕንጻው አሮጌ ነው በ1950ዎቹ ነው የተሠራው ይላሉ። ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን የሚለየው ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ድረስ ቀለሙ እየተነፋ ይረግፋል፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያወጣል፣ በእጄ ስነካው ይፈረፈራል። ሁለቴ አስቀባሁት። ባለፈው ዓመት የመጣው ሰው ይሄ ልዩ ቀለም ነው ውሃ አያሳልፍም ብሎ ወፍራም ነገር ቀባበት፣ ለሰባት ወር ደህና ነበር፣ አሁን እርጥበቱ ከቀለሙ በላይ ብቅ ብሎ እስከ ወገቤ ደርሷል። ሌላ ሰው መጥቶ ደሞ ግድግዳው ተበስቶ መድኃኒት ካልተወጋ አይድንም አለኝ፣ የጠየቀኝ ገንዘብ የሁለት ወር ጡረታዬ ነው። ልጆቼ ሽጪው ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናቴ፣ ቤቱንም አይሽጡ ገንዘቡንም ገና አይክፈሉ። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይታወቅ። እርስዎ ቤት ሦስት ሰው መጥቶ ሦስቱም ያዩት ግድግዳውን ነው፣ ውሃውን የጠየቀው የለም።

ነገርየው እንዲህ ነው ሚሠራው። እንጀራ ጫፉ ብቻ ወጥ ሲነካ ወጡ ራሱ እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣ የለ? ብሎኬቱም፣ ሲሚንቶውም፣ ልስኑም በዓይን በማይታይ ቀዳዳ የተሞላ ነው፣ እግሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ውሃው በነዛ ቀዳዳዎች እየተሳበ ይወጣል። ግን ማለቂያ የለውም ማለት አይደለም፣ እየወጣ እያለ ከግድግዳው ፊት ወደ አየር እየተነነ ስለሚሄድ የሚወጣውና የሚተነው እኩል ሲሆኑ ይቆማል፣ ብዙ ጊዜ ከ1 ሜትር አይበልጥም። ያ ሰውዬ ውሃ የማያሳልፍ ቀለም ሲቀባበት ምን ሆነ መሰልዎት፣ ውሃው የሚተንበት ቦታ ተዘጋ፣ ስለዚህ የሚተንበት ቦታ እስኪያገኝ ወደ ላይ ቀጠለ። እርጥበቱን ከጉልበትዎ ወደ ወገብዎ ያወጣው ያ ወፍራም ቀለም ነው፣ ተከፍሎበት።

ነጩ ዱቄት ጨው ነው። ውሃው ከአፈሩና ከሲሚንቶው ጨው ይዞ ይወጣል፣ ውሃው ይተናል ጨው ይቀራል፣ ጨው ደሞ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ እየጠጠረ ልስኑን ከውስጥ ይገፋዋል፣ ለዛ ነው የሚፈረፈረው። እኛ ባሕር ዳርቻ ያለን ሰዎች ጋ ደሞ ሌላ ጣጣ አለው። ነታንያ ላይ የጨው ዕቃዎት ውስጥ ያለው ጨው ሲረጥብና አልወርድም ሲል አይተው የለ፣ ሰው ሩዝ ይጨምርበታል። አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ 75 በመቶ ሲደርስ የምንበላው ጨው ራሱ ከአየሩ ውሃ እየጠጣ ይቀልጣል፣ ግድግዳዎት ውስጥ ያለውም ጨው እንደዛው ነው። ስለዚህ ከሥር የሚመጣው ውሃ ቢቆም እንኳ ጨው ያለበት ልስን እስካልተነሳ ድረስ ነሐሴ ላይ ጠብታ ዝናብ ሳይኖር ግድግዳው ረጥቦ ያገኙታል። ብዙ ሰው አስጠግኖ «አልዳነም» የሚለው በዚህ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ቤት። እኔን ያስጠረጠረኝ ግድግዳው የመሐል ግድግዳ መሆኑ ነው። ከመሬት የሚሳብ ቢሆን የውጪዎቹም ግድግዳዎች ይታመሙ ነበር፣ እርስዎ ስለነሱ ምንም አልጻፉልኝም። ከዛ ግድግዳ አጠገብ ሻወር ወይ ሽንት ቤት አለ? ወይ ወጥ ቤት? እዚህ አገር ወለል እንዴት እንደሚሠራ ያውቃሉ፣ ከባላታው፣ ከወለሉ ታይል ማለቴ ነው፣ ሥር አሸዋ ነው ያለው፣ የድሮ ቤቶች ላይ የውሃ ቧንቧውም እዛው አሸዋ ውስጥ ነው የተቀበረው፣ ብረት ነው፣ ዝጎ አንድ ቦታ በመርፌ ቀዳዳ ያህል ከተበሳ ውሃው ላይ አይታይም፣ አሸዋው ይጠጣውና ቤቱን ሙሉ ይዞረዋል፣ ከዛ በመጀመሪያ ያገኘው ግድግዳ ላይ ይሳባል። ላየው ሰው ቁርጥ ከመሬት የመጣ እርጥበት ነው ሚመስለው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት «ከመሬት የሚወጣ እርጥበት» ተብሎ ገንዘብ ሲከፈልበት አይቻለሁ እኮ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምን መሬት አለ? ሰው ላይ እንዳልፈርድ እኔ ራሴ በልስን ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ አሽዶድ ውስጥ አንድ ግድግዳ ሦስት ጊዜ ፍቄ ሦስት ጊዜ ለስኛለሁ፣ በአራተኛው አንድ ሽማግሌ ቧንቧ ሠራተኛ መጥተው አንድ ባላታ አንስተው እጃቸውን አሸዋው ውስጥ ከተቱና ጨምቀው አሳዩኝ፣ ውሃ ወረደ። ከዛን ቀን ጀምሮ ባላታ ሳላስነሳ ልስን አልነካም።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ይዝጉ፣ ሽንት ቤቱም ውሃ እየሞላ እንዳይሆን፣ ከዛ ቆጣሪውን ልጆችዎ ፎቶ ያንሱት፣ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ ደግመው ያንሱት። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ጉዳዩ የቧንቧ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ግን ነጻ ነው ማለት አይደለም፣ የቆሻሻ ውሃ መውረጃው ሲጠቀሙበት ብቻ ነው የሚያፈሰው ቆጣሪ አያውቀውም፣ እሱን ቧንቧ ሠራተኛው ቀለም ያለው ውሃ እያፈሰሰ ነው የሚያገኘው። ከዛ ግድግዳው ሥር አንድ ባላታ ያስነሱ፣ አንድ ብቻ፣ አሸዋውን ይዩት። ይሄ ሁሉ ተደምሮ የሁለት ወር ጡረታ አይሆንም።

በተጨማሪ ከውጪ ዞረው ያዩልኝ። ሕንጻው ሲሠራ የአፈሩ ከፍታ ከቤቱ ወለል በታች ነበር፣ ግን ባለፉት ዓመታት አንዱ አበባ ተክሎ አፈር ይከምራል፣ አንዱ ባላታ ላይ ባላታ ያነጥፋል፣ መሬቱ ከፍ ይልና ከውስጥ ወለል ጋር እኩል ይሆናል። ግድግዳው ውስጥ የውሃ መከላከያ ንጣፍ ካለ እንኳ አፈሩ በላዩ ተሻግሮ ውሃውን ያቀብለዋል። አፈሩ ከንጣፉ ቢያንስ 15 ሴንቲ ዝቅ ማለት አለበት። አካፋና አንድ ቀን ሥራ ነው፣ ከቫአድ ባይት፣ ከሕንጻው ኮሚቴ ጋ መጨቃጨቁ ነው እንጂ ሥራውስ ቀላል ነበር።

ምንጩ ተገኝቶ ከቆመ በኋላ ነው ወደ ግድግዳው የሚኬደው። ልስኑ እርጥበቱ ከታየበት በላይ ሌላ 50 ሴንቲ ያህል ጨምሮ እስከ ብሎኬቱ ይነሳ፣ የተነሳው ልስን ቤት ውስጥ አይቆይ ጨው ነው ወዲያው ይውጣ። ብሎኬቱ ላይ የቀረውን ነጭ ነገር በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት፣ በውሃ አይጠቡት፣ ውሃ ጨውን መልሶ ወደ ውስጥ ይከተዋል። ከዛ ይጠብቁ። እዚህ ጋ ነው ሰው ሁሉ ሚሸነፈው፣ ግንበኞች የሚያውቁት ልክ አለ፣ ግድግዳ ውፍረቱ በ2.5 ሴንቲ አንድ ወር ገደማ ይፈልጋል ለመድረቅ፣ 20 ሴንቲ የሆነ ግድግዳ ስምንት ወር ማለት ነው። ያምራል አልልም፣ ሶፋውን አስጠግተው መጋረጃ ቢጤ ይጣሉበት። እንደገና ሲለሰን ጂፕሰም እንዳይነካው፣ ጂፕሰም ውሃ ጠጪ ነው፣ ኖራ ያለበት ወይ ለጨው ግድግዳ ተብሎ የሚሸጠው ልስን ይሁን፣ ቀለሙም የሚተነፍስ ዓይነት የሲሊኬት ወይ የኖራ ቀለም እንጂ እንደ ላስቲክ የሚሸፍን አይሁን።

መርፌውስ? ውሸት አይደለም፣ የታወቀ ሥራ ነው፣ ከሥር በኩል በ12 ሴንቲ ርቀት በ12 ሚሊ መሰርሰሪያ እየተበሳ ሲሊኮን ያለበት ክሬም ይገባል፣ ክሬሙ ቀዳዳዎቹን ውሃ እንዳይስቡ ያደርጋቸዋል። ግን ሙሉ ድንጋይ ወይ ሙሉ ጡብ ለሆነ ግድግዳ ነው ደህና የሚሆነው። እዚህ እስራኤል ያለው ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው፣ መሰርሰሪያው ባዶው ጋ ከገባ ክሬሙ እዛው ወርዶ ይተኛል፣ ስለዚህ ሰውዬውን «የትኛው መስመር ላይ ነው ምትበሳው?» ይበሉት፣ በብሎኬቶቹ መሐል ያለው የሲሚንቶ መስመር ላይ ካላለዎት ሌላ ሰው ይፈልጉ። ቧንቧው እያፈሰሰ ከሆነ ደሞ ምንም መርፌ አያድነውም። ሶኬት ላይ ተሰክቶ ውሃውን በኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይመልሳል የሚባል ሳጥንም ይሸጡልዎታል፣ እኔ የራሴን ገንዘብ አላወጣበትም።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድም። አሽኬሎን ተከራይተን ነው ምንኖረው፣ አራተኛ ፎቅ፣ አዲስ ሊባል የሚችል ሕንጻ ነው። ልጆቹ ማማድ፣ የሚሳይል መጠለያው ክፍል ውስጥ ነው ሚተኙት። ጣራውና ግድግዳው የሚገናኝበት ጥግ ላይ፣ ቁም ሳጥኑ ኋላም ጥቁር ነጥብ ነጥብ ወጥቶበታል፣ ክፍሉ ታፍኖ የከረመ ልብስ ይሸታል። ባላባይቱን፣ አከራያችንን ስነግረው «እናንተ ብዙ ስለምታበስሉ ነው» አለኝ፣ በጣም ተናደድኩ። ትንሹ ልጄ ማታ ማታ ይስላል። ግድግዳው ከመሬት ነው ሚረጥበው ወይስ ከጎን ዝናብ እየገባ ነው?

መልስ፦ ከሁለቱም አይደለም ወንድሜ፣ ከአየሩ ነው። ከመሬት የሚሳብ እርጥበት ከታች ጀምሮ ነው ሚወጣው ጨውና መስመር ይዞ፣ ያንተ ላይኛው ጥግ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ሻጋታ ነው፣ በዕብራይስጥ ኦቬሽ የሚሉት። ጨው ያለበት ግድግዳ ላይ ሻጋታ ብዙ አያድግም፣ ስለዚህ ጥቁሩ ራሱ ይናገራል። እርግጠኛ መሆን ከፈለግክ የወጥ ቤት አልሙኒየም ፎይል አንድ እጅ ያህል ቁረጥና ዙሪያውን በቴፕ ግድግዳው ላይ ለጥፈው፣ ከሁለት ቀን በኋላ አየው፣ ወደ ክፍሉ ያለው ፊት ካላበ ከአየሩ ነው፣ ግድግዳውን የነካው ፊት ከረጠበ ከውስጥ ነው።

ማማድ እ.ኤ.አ. በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ ሚሳይል ከወረደ በኋላ ነው የመጣው፣ ከ1992 በኋላ የሚሠራ ቤት ሁሉ ይኑረው ተባለ። ግድግዳው ወፍራም የብረት ኮንክሪት ነው፣ መስኮቱ የብረት ነው፣ በሩ ጥብቅ ነው፣ ለሚሳይል ነው የተሠራው እንጂ ለእንቅልፍ አይደለም። ኮንክሪት በክረምት ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቅዞ ይቆያል። አሁን ሒሳቡን ተመልከት፣ ክፍሉ 20 ዲግሪ ሆኖ የአየሩ እርጥበት 70 በመቶ ከሆነ ወደ 14 ዲግሪ የወረደ ማንኛውም ነገር ላይ ውሃ ይቋጠራል፣ ያ የላይኛው ጥግህ ደሞ በጥር ሌሊት 14 ዲግሪ መውረዱ ምንም አይገርምም። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲያልበው እንደምታየው ነው። ሁለት ልጆች በሩ ተዘግቶ ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳሉ፣ ቁም ሳጥኑ ደሞ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አየር ስለሚከለክለው ከኋላው የባሰ ይቀዘቅዛል።

ስለ ባላባይቱ ንግግር፣ የተናገረበት መንገድ ደስ አይልም፣ ግን እውነት የለበትም ብዬ አላታልልህም። ሽንኩርት ሁለት ሰዓት ሲቁላላ፣ ቅዳሜ የዶሮ ወጥ ሲንተከተክ፣ ኤሌክትሪክ ምጣዱ ላይ ሰላሳ እንጀራ ሲጋገር፣ አክንባሎው በተነሳ ቁጥር ጭሱ የሚመስለው ሁሉ ውሃ ነው። ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣ ደሞ አንድ ማሽን ልብስ ወደ 2 ሊትር ውሃ አየሩ ላይ ይለቃል። ስለዚህ ስትጋግሩ የወጥ ቤቱን በር ዝጉና መስኮቱን ክፈቱ፣ ልብስ በረንዳ ላይ ይሰጣ፣ ማማዱ ውስጥ በጭራሽ። ጠዋት ልጆቹ ሲነሱ የማማዱን መስኮትና ከፊት ለፊቱ ያለውን ሌላ መስኮት አብራችሁ አሥር ደቂቃ ክፈቱ፣ ማታም አንዴ። ክረምት ውጪው ረጥቦ መስኮት ይከፈታል ወይ ትለኝ ይሆናል፣ አዎ፣ ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው ውሃ ትንሽ ነው፣ ገብቶ ሲሞቅ ደረቅ ይሆናል። ነሐሴ ላይ ግን ተቃራኒው ነው፣ የባሕሩ አየር ሞቃትም እርጥብም ስለሆነ ማዝጋን (ኤሲ) እየሠራ መስኮት መክፈት እርጥበት መጋበዝ ነው። ቁም ሳጥኑን 10 ሴንቲ አርቀው፣ ከተቻለ የውስጥ ግድግዳ ጋ አዙረው። እርጥበት መጥጦ ባልዲ ውስጥ የሚያጠራቅም ማሽንም ለማማድ ደህና ነው፣ በሩ ተዘግቶ ሲሠራ።

ያለውን ሻጋታ በደረቁ አትፋቀው፣ ብናኙ ሳንባ ይገባል፣ ልጆቹን አስወጣ፣ ጓንትና ማስክ አርግ፣ መስኮት ክፈትና በረኪና በውሃ አቅጥነህ አርጥበው፣ ቆይተህ ጥረገው፣ አድርቀው። በረኪናን ከአቼቶ ወይ ከሽንት ቤት አሲድ ወይ ከአሞንያ ጋር ግን እንዳትቀላቅል፣ የሚያወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ሻጋታው ላይ ቀጥታ ቀለም መቀባት ግን ዋጋ የለውም፣ በሁለት ወሩ ይመለሳል። ሳሉን በተመለከተ ልጁን ሐኪም ይየው፣ እስከዛ ሌላ ክፍል ቢተኛ ጥሩ ነው።

ግድግዳውን አየር እንዲያገኝ ብለህ እንዳትበሳው፣ ማማድ ያለ ፒኩድ ሃኦሬፍ፣ ያለ ሲቪል መከላከያው የጦር ክፍል ፈቃድ አይነካም። ያለብህን ሁሉ አድርገህ ጥጉ አሁንም እየረጠበ ከቀጠለ፣ በተለይ ወደ ምዕራብ የዞረ ግድግዳ ከሆነና ዝናብ በነፋስ በመታው ማግስት የሚብስ ከሆነ፣ ያኔ ከውጪ የሚገባ ውሃም አለ ማለት ነው፣ እሱ የባላባይቱ ዕዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኪራይ ሕግ ብልሽት ሲነገረው በ30 ቀን ውስጥ፣ ለመኖር የማያስችል አስቸኳይ ነገር ከሆነ ደሞ በ3 ቀን ውስጥ እንዲያስጠግን ያስገድደዋል፣ ስለዚህ በስልክ አትንገረው፣ በጽሑፍ ከፎቶ ጋር ቀን ጽፈህ ላክለት።

ጥያቄ፦ ጅቡቲ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ፣ ቤቱ የድሮ ነው ግድግዳው ወፍራም ከባሕር የወጣ ድንጋይ ነው ይሉኛል። ከታች ልስኑ ሁሌ ይረግፋል፣ ደንበኛ ፊት ያሳፍራል። ጎረቤቴ ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ አስለስኖ አንድ ዓመት አማረለት፣ እኔም እንደዛ ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ አታድርጊው፣ የጎረቤትሽን ግድግዳ ሌላ አንድ ዓመት ጠብቂና እይው። ያ ድንጋይ ኮራል ነው፣ ባሕር ውስጥ የኖረ፣ ቀዳዳ የበዛበት። ምጽዋም ድሮ የተገነባችው በሱ ነው፣ የጅዳ አሮጌው ከተማ አል በለድም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ዩኔስኮ የመዘገበው። እነዛን ቤቶች የሠሩ ሰዎች ከላይ የቀቡት ኖራ ነበር፣ ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። ድንጋዩ ጨው ይዞ ነው የመጣው፣ ከሥሩ ያለው ውሃም የባሕር ጎረቤት ስለሆነ ጨዋማ ነው፣ ግድግዳው መተንፈስ አለበት። ኖራ ያስተነፍሰዋል፣ ጨው ኖራው ላይ ይወጣና ኖራው ይረግፋል፣ በየጥቂት ዓመቱ ኖራው ይቀየራል፣ ድንጋዩ ይተርፋል። መርገፉ ሥራው ነው እኮ። ሲሚንቶ ሲለሰንበት ግን ውሃው መውጫ ያጣል፣ ጨው ከሲሚንቶው ኋላ ድንጋዩን ራሱን ይበላዋል፣ አንድ ቀን ሲሚንቶው እንደ ሰሌዳ ሙሉውን ሲወድቅ የድንጋዩን ፊት ይዞ ነው።

መርፌ ምናምን የሚልሽም ካለ እንደዚህ ወፍራምና መሐሉ ፍርስራሽ ለተሞላ ግድግዳ ክሬሙ የት እንደሚሄድ አይታወቅም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ማታ ማታ ወለሉን በጎማ ውሃ ነው ምታጥቡት? ምግብ ቤት ስለሆነ እገምታለሁ። ውሃው የግድግዳው ሥር ላይ ነው ሚሄደው፣ በየቀኑ። በመወልወያ ይሁን፣ ወይ ወለሉ ወደ በሩ እንዲያዘነብል አስደርጊ። ኤሲ ካለም በጣም አታቀዝቅዢው፣ እናንተ ጋ ነገሩ የእስራኤል ክረምት ግልባጭ ነው፣ ውጪው ሞቃትና እርጥብ ስለሆነ የቀዘቀዘው ግድግዳ ላይ ነው ውሃው የሚቋጠረው፣ በር በተከፈተ ቁጥር።

ለጊዜው ባለቤቱን አስፈቅደሽ ከታች እስከ 1 ሜትር ከምናምን ድረስ ከድሮ የቀረ የሲሚንቶ ልስን ካለ አስነሺው፣ ኻምሲኑ ሳይመጣ። ያ ደረቅ ነፋስ በሙቀቱ ወራት ሲነፍስ ሁላችሁም ትማረራላችሁ ግን ለግድግዳሽ መድኃኒት ነው፣ ያደርቀዋል። ኖራውን ግን በኻምሲን ጊዜ አታስለስኚ፣ ኖራ ቀስ ብሎ መድረቅ ይፈልጋል፣ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ከጥቅምት በኋላ አየሩ ሲቀዘቅዝ ይሁን፣ ለተወሰኑ ቀናት ውሃ እየተረጨ። አሸዋው የባሕር ዳርቻ አሸዋ እንዳይሆን ራስሽ ቅመሺው፣ እውነቴን ነው፣ ምላስሽ ላይ አድርጊው፣ ጨው ካለው ይመለስ። ደንበኛ ፊት የሚያሳፍረውን ለመሸፈን ሴራሚክ እንዳትለጥፊበት ብቻ፣ ሰሌን ወይ ጨርቅ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አርገሽ ስቀዪ፣ ከኋላው አየር ይለፍ።

ጥያቄ፦ አሽዶድ ነኝ፣ ለእናቴ ባሕር ዳር ቤት እያሠራሁ ነው፣ ሐይቁ ቅርብ ነው፣ መሠረቱ ወጥቶ ብሎኬት ሊጀምሩ ነው። ግንበኛው «ግሬድ ቢም (መሠረቱ ላይ የሚታሰረው የኮንክሪት ቀበቶ) ካለ ውሃ አይወጣም» ይለኛል። እዚህ ያየሁት እርጥበት እናቴ ላይ እንዳይደርስ ነው።

መልስ፦ አቁማቸው፣ ዛሬ ደውል። ግሬድ ቢም ኮንክሪት ነው፣ ኮንክሪትም ቀስ ብሎ ነው እንጂ ውሃ ይስባል። ብሎኬቱ ከመቀመጡ በፊት ግሬድ ቢሙ ላይ በግድግዳው ሙሉ ስፋት የውሃ መከላከያ ንጣፍ ይተኛ፣ ሬንጅ ያለው ጥቅል ከተገኘ እሱ፣ ካልሆነ ወፍራም ላስቲክ በድርብ፣ ሁለቱ ጥቅሎች የሚገናኙበት ቢያንስ 15 ሴንቲ ይደራረብ። አሁን ማስገባቱ ቀላል ነው፣ በኋላ ግን በጣም ይከብዳል።

ወለሉም እንደዛው። የተለመደው 25 ሴንቲ ሃርድኮር፣ የተሰበረ ድንጋይ ይነጠፍ፣ ድንጋዩ መሐል ያለው ክፍተት ትልቅ ስለሆነ ውሃ አይስብም፣ ጥሩ መከላከያ ነው፣ ግን አፈር ሞልተው ከጠቀጠቁት ጥቅሙ ይጠፋል። በላዩ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ ኮንክሪቱ። የወለሉ ላስቲክና የግድግዳው ንጣፍ መገናኘት አለባቸው፣ ሰው የሚረሳው ይሄን ነው፣ በመሐላቸው የቀረ አንድ ጣት ክፍተት ውሃውን ዙሪያውን ያሳልፈዋል።

የቤቱ ወለል ከግቢው ከፍ ይበል፣ 15 ሴንቲ ዝቅተኛው ነው ግን የባሕር ዳርን የሐምሌ ዝናብ ታውቀዋለህ መሬት መትቶ ይረጫል፣ እኔ ብሆን 40 አካባቢ አደርገዋለሁ፣ እናትህ ደረጃ እንዳይከብዳቸው በአንድ በኩል ዘንበል ያለ መውጫ ይሠራላቸው። አሸንዳው መሠረቱ ሥር እንዳያፈስ ውሃው በቦይ ወደ ውጪ ይሂድ፣ በተለይ አፈሩ መረሬ ከሆነ፣ መረሬ ውሃ ይዞ ነው የሚከርመው። የውጪውን ልስን ደሞ እስከ አፈሩ አታውርደው፣ ንጣፉ ጋ ይቁም፣ ካለዛ ውሃው በልስኑ በኩል ንጣፉን ተሻግሮ ይወጣል።

ግንበኛው ላስቲኩ ላይ ሲራመድና በሚስማር ጫማ ሲበሳው ማንም አያየውም፣ ስለዚህ ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት የምታምነው ሰው ቆሞ ይይ፣ በቪድዮም ይደውልልህ፣ የተቀደደ ካለ እዛው በላዩ ሌላ ቁራጭ ያስነጥፍበት።